ስጦታዬ ለጓደኛዬ ዕዳ ይዞባት ሄደ

የአንባቢዋ ደብዳቤ

ይድረስ ለተከበሩ አማካሪ፤

ከተማሪነት ዘመናችን ጀምሮ እንደ እኅት የምንተያይ ጓደኛ አለችኝ። ካገባች በኋላ ከባለቤቷ ጋር በአንድ የአውሮፓ ኅብረት አባል አገር ትኖራለች፤ እኔ የምኖረው ከኅብረቱ ውጪ ነው። ከአምስት ወራት በፊት የመጀመሪያ ልጇን ስትገላገል ሄጄ ልጠይቃት ስላልቻልኩ፣ ቢያንስ እጄ ይድረስላት ብዬ ማታ ማታ ስሠራው የከረምኩትን የሕፃን ብርድ ልብስ፣ ለራሷ ደግሞ የቆዳ ጫማ፣ የእጅ ቦርሳና አንዲት አነስተኛ ሽቶ በአንድ ካርቶን አድርጌ በፈጣን መልእክት አጓጓዥ ድርጅት በኩል ላክሁላት። ብርድ ልብሱን 40 ዩሮ ያህል ገምቼ፣ የሁሉም ዋጋ በጠቅላላው 190 ዩሮ ሆነ፤ ለማጓጓዣው ደግሞ 50 ዩሮ ያህል ከፈልኩ። በቅጹ ላይ ዋጋውን በእውነት ሞላሁ፤ የዕቃው ዓይነት በሚለው ቦታ ግን «ስጦታ» ብቻ ብዬ ጻፍኩ። ድንገት ደርሶ እንዲያስደስታት ስለፈለግሁ ምንም አልነገርኳትም።

ከጊዜ በኋላ «ዕቃው ደርሶኛል፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሌላ ጊዜ ግን እንዲህ አትቸገሪ» የሚል አጭር መልእክት መጣልኝ። ቅር ቢለኝም ዝም አልኩ። በኋላ ከባለቤቷ ጋር ስናወራ፣ ካርቶኑን ለመቀበል በራቸው ላይ 74 ዩሮ እንደከፈሉ በጨዋታ መሐል ነገረኝ። ጓደኛዬ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ላይ ናት። ደንግጬ ደወልኩላትና «ስንት ከፈልሽ? ልላክልሽ» ብላት «ተዪው፣ አይነሳ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ለመልእክቴ የምትሰጠኝ መልስ ሁሉ ሁለት ቃል ነው። አፍሬያለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ደግሞ ትንሽ ተናድጃለሁም፤ ያን ያህል ደክሜ ጥፋተኛ የሆንኩት እኔ ነኝና።

በቅርቡ የልደት ቀኗ ነው። የበደልኳትን የሚያስረሳ ጥሩ ነገር ልልክላት አስቤያለሁ። እኅቴ «20 ዩሮ ብለሽ ጻፊ፤ ማን ያየዋል?» ትለኛለች። ሌላ ወዳጃችን ደግሞ ዕቃ መላክ ጨርሶ ይቅርብሽ ይላል። ምን ይሻለኛል?

ደግነቷ ያሳፈራት

የአማካሪው መልስ

እኅቴ፤ ጓደኛሽ «ሌላ ጊዜ እንዲህ አትቸገሪ» ስትልሽ፣ የተቸገረው ማን መሰለሽ? አንቺ ቃሉን እንደ ወቀሳ ሰምተሽዋል። እኔ ስመዝነው ግን፣ ደመወዝ በሌላት ወቅት ያላሰበችውን ገንዘብ በር ላይ ቆጥራ የሰጠች፣ ያንንም ለአንቺ መንገር ስጦታሽን ማቃለል የመሰላት ሴት የተናገረችው ቃል ይመስለኛል። ባለቤቷ ባይነግርሽ ኖሮ ክፍያውን መቼም አታውቂውም ነበር፤ ይህ ሊደብቅልሽ የፈለገ ሰው አካሄድ ነው እንጂ የተቀየመ ሰው አካሄድ አይመስልም። የአምስት ወር ሕፃን የያዘች እናት መልእክቷ ሁለት ቃል የሚሆንበት ሌላ ብዙ ምክንያት እንዳለም አትርሺ። የእኔ ግምት ሊሳሳት ይችላል፤ አንቺ ግን ከሁለቱ ንባቦች አንዱን ብቻ ይዘሽ ወራት አሳልፈሻል፤ ሌላውንም እስቲ ለአንድ ቀን ያህል ያዥው።

ንዴትሽንም አልነቅፈውም። ሰው ደክሞ የሠራው መልካም ነገር ዞሮ ሲያሳፍረው መናደዱ ያለ ነው። ብቻ ንዴቱ በጓደኛሽ ላይ ነው ወይስ ማንም ባልነገረሽ ሕግ ላይ? ደብዳቤሽ ሁለቱን አንድ ላይ ስለቋጠራቸው መፍታቱ ይጠቅምሻል ብዬ አምናለሁ።

በዚህ ነገር እኔም ተቀባይ ሆኜ ተፈትኛለሁ። ከብዙ ዓመታት በፊት አንድ የቆየ ወዳጄ ሳይነግረኝ ጥቅል ልኮልኝ፣ ለመውሰድ ስሄድ የተጠየቅሁት ክፍያ በኪሴ ከነበረው በላይ ሆነ። ውስጡ ምን እንዳለ ስላላወቅሁ «አልወስድም» ብዬ ተመለስኩ። ከሳምንታት በኋላ ጥቅሉ ተመልሶ ወዳጄ እጅ ገባ፤ የላከውን ነገር ራሱ እንደገና ሲፈታው ምን እንደተሰማው እስከ ዛሬ ለመጠየቅ አልደፈርኩም። ጓደኛሽም «አልቀበልም» ማለት ትችል ነበር። ከፍላ ወሰደችው።

አሁን 74 ዩሮው ከየት እንደመጣ እንይ፤ ምክንያቱ ሲገለጥ ሐፍረትሽ በመጠኑ የሚቀልልሽ ይመስለኛል። በዕቃ መላክ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር ቢኖር፣ ላኪው የሚከፍለው የመንገዱን ብቻ መሆኑን ነው። በጉምሩክ ዓይን ዕቃውን ወደ አገር የሚያስገባው ተቀባዩ ስለሆነ፣ ቀረጥና ታክስ የሚጠየቀው እሱ ነው፤ ስጦታ መሆኑም ብቻውን ነፃ አያደርገውም። የአውሮፓ ኅብረት ከግለሰብ ለግለሰብ፣ ያለ ክፍያ፣ አልፎ አልፎ የሚላክንና ለተቀባዩ ወይም ለቤተሰቡ መገልገያ የሚውልን ስጦታ ከቀረጥና ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነፃ የሚያደርገው የጥቅሉ ዋጋ እስከ 45 ዩሮ ሲሆን ነው። የአንቺ ካርቶን 190 ነበር። ከወሰኑ በላይ ሆኖ እስከ 700 ዩሮ የሚደርስ የግለሰብ ስጦታ በአብዛኛው የሚቀረጠው በ2.5 በመቶ ወጥ መጣኔ ነው፤ ይህ ትንሽ ነው። የሚከብደው የተጨማሪ እሴት ታክሱ ሲሆን፣ መደበኛ መጣኔው በኅብረቱ አገሮች ከ17 እስከ 27 በመቶ ይለያያል፤ ዕቃው በፈጣን መልእክት ሲሄድ ደግሞ የማጓጓዣው ዋጋ ጭምር በሂሳቡ ውስጥ ይገባል። እንግዲህ 190 ላይ 50 ጨምሪበት፤ ከ240 ዩሮ ቀረጡ 6 ዩሮ ይሆናል፤ ጓደኛሽ ባለችበት አገር ታክሱ 20 በመቶ ነው ብንል በ246 ዩሮ ላይ 49 ዩሮ ከ20 ሳንቲም ይመጣል። ድምሩ 55 ዩሮ ገደማ ነው። የቀረው 19 ዩሮ ያህል የመንግሥት ገንዘብ አይደለም፤ አጓጓዡ ቀረጡን አስቀድሞ ስለ ጓደኛሽ ከፍሎ ወረቀቱን በመጨረሱ የሚጠይቀው የአገልግሎት ክፍያ ሳይሆን አይቀርም። ይህ ግምት ነው፤ እርግጡን የሚያሳየው እሷ እጅ ያለው ደረሰኝ ነው፤ እዚያ ላይ ቀረጡ፣ ታክሱና የአገልግሎት ክፍያው ለየብቻ ተጽፈው ይገኛሉ።

ከዚህ ሂሳብ ውስጥ አንድ ነገር ልብ በይ። ብርድ ልብሱ ብቻውን ቢሄድ ኖሮ 40 ዩሮ ስለሆነ ከወሰኑ በታች ነበር። ማታ ማታ የደከምሽበት ነገር ምንም አያስከፍልም ነበር፤ ክፍያውን ያመጡት ስጦታው እንዳያንስብሽ ብለሽ የጨመርሻቸው ጫማውና ቦርሳው ናቸው።

ሂሳቡን ስትመለከቱ አንድ ነገር አጣሩ። የዕቃው ዓይነት በሚጻፍበት ቦታ «ስጦታ» ብለሻል። ስጦታ የመላኩ ምክንያት ነው እንጂ የዕቃው ስም አይደለም። እንዲህ ያለ ጥቅል ምን እንደያዘ ስለማይታወቅ ሊያዝ፣ ሊከፈት ወይም እንደ ንግድ ዕቃ ሊታሰብ ይችላል። በደረሰኙ ላይ የተጻፈው ቀረጥ ከዕቃው ዋጋና ከማጓጓዣው ድምር 2.5 በመቶ በእጅጉ የሚበልጥ ከሆነ፣ ተቀባይዋ ደረሰኙንና የካርቶኑን መለያ ወረቀት ይዛ፣ አንቺም ስጦታ መሆኑን የሚገልጽ አጭር ደብዳቤ ጽፈሽላት፣ ሂሳቡ እንደገና እንዲታይ አጓጓዡን ወይም የአገሩን ጉምሩክ መጠየቅ ትችላለች። ለጥያቄው የጊዜ ገደብ ስላለው ሳይዘገይ ነው የሚደረገው። ታክሱ ግን በማንኛውም መንገድ የሚቀር አልነበረም፤ ስለዚህ ብዙ ተስፋ አትስጫት።

ወደ ጓደኛሽ እንመለስ፤ ከጉምሩኩ ይልቅ የሚያስጨንቅሽ እሷ ነችና። ስትደውዪላት መጀመሪያ የጠየቅሻት «ስንት ከፈልሽ?» ብለሽ ነው። መልካም ልብ ይዘሽ ነው፤ ለእሷ ግን ስጦታሽን በሂሳብ እንድትመልስልሽ የተጠየቀች ያህል ሳይከብዳት አልቀረም። «ተዪው» ማለቷም ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። ጊዜ ወስደሽ በጽሑፍ ብትልኪላት ይሻላል፤ በጽሑፍ ሲሆን ወዲያው መልስ ለመስጠት አትገደድም። የራስሽን ቃል አንቺ ታውቂያለሽ፤ እኔ ብሆን ግን እንዲህ እላት ነበር፦ «ዕቃውን ስልክ እዚያ ክፍያ እንዳለበት አላወቅሁም፤ ሳልነግርሽ በመላኬ ባልታሰበ ጊዜ ወጪ ውስጥ ስለከተትኩሽ ይቅርታ አድርጊልኝ። የከፈላችሁትን እኔ ብሸፍነው የስጦታዬ አካል ይሆንልኛል፤ ደረሰኙን ብትልኪልኝ ደስ ይለኛል። ካልፈለግሽም አልጫንሽም።» የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር እንዳትተያት። እምቢ ካለች ገንዘቡን በባለቤቷ በኩል አሳልፈሽ አትላኪ፤ ያኔ ለሁለተኛ ጊዜ ሳትጠየቅ የሆነ ነገር ይደርስባታል። «እሺ» ካለችሽም ደረሰኙ ላይ ያለውን ልክ ላኪ፤ አጠጋግተሽ አታብዢው።

ይህን ሳትነጋገሩ ግን የልደት ካርቶን አትላኪ። ይቅርታ የሚጠይቅ ጥቅል ራሱ ሌላ ሂሳብ ይዞ በሯ ላይ ቢቆም ምን ልትላት ነው?

የእኅትሽን ምክር በተመለከተ በግልጽ ልንገርሽ፤ አልስማማበትም። በሕሊና ምክንያት ብቻ አይደለም። የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ላይ ፈርመሽ ያረጋገጥሽው ዋጋ ሐሰት ሆኖ ሲገኝ ጥያቄው የሚመጣው ዕቃውን ወደምታስገባው ወደ ጓደኛሽ ነው። የቆዳ ጫማና ቦርሳ 20 ዩሮ ተብሎ ቢጻፍ ያላመነ ሠራተኛ ጥቅሉን አቆይቶ የግዢ ደረሰኝ ይጠይቃል፣ የራሱን ግምት ይጥላል፣ እንደ አገሩም ቅጣት ሊከተል ይችላል። ሌላም አለ፤ ጥቅሉ መንገድ ላይ ቢጠፋ የሚከፈልሽ ካሳ በጻፍሽው 20 ዩሮ ልክ ነው፤ የዋጋውን እውነት ያኔ ብታወጪው ማንም አይሰማሽም። እኅትሽ «ማን ያየዋል?» ማለቷ ምናልባት በቀድሞው ጊዜ ልማድ ይሆናል። እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 15 ቀን 2021 ጀምሮ ወደ አውሮፓ ኅብረት በፖስታም ሆነ በፈጣን መልእክት በአየር የሚገቡ ዕቃዎች መረጃ ጥቅሉ ከመድረሱ በፊት በኤሌክትሮኒክ መንገድ መላክ አለበት። ጥቅልሽ ሳይደርስ የጻፍሽው ቀድሞ ይታያል።

ዕቃ መላክ ይቅርብሽ ባለው ወዳጃችሁም አልስማማም፤ ቀላሉን መንገድ ነው የመረጠው። አንቺ በእጅሽ የምትሠሪ ሰው ነሽ፤ ያንን የሚተካ ነገር ከሱቅ አይገኝም። ይልቅ የሚላከውንና እዚያው የሚገዛውን ለይው። ጫማ፣ ቦርሳ፣ ሽቶ በማንኛውም የኅብረቱ አባል አገር ካለ ሱቅ በኢንተርኔት ተገዝቶ በቀጥታ ወደ ቤቷ ሊሄድ ይችላል፤ የኅብረቱ አገሮች በጉምሩክ ረገድ እንደ አንድ ግዛት ስለሚቆጠሩ በመካከላቸው ቀረጥ የለም። ሱቁ ግን በእርግጥ ዕቃውን ከኅብረቱ ውስጥ የሚልክ መሆኑን አረጋግጪ፤ ገጹ በአገሩ ቋንቋ ተጽፎ መጋዘኑ ሌላ አህጉር የሚሆንበት ጊዜ አለ። ከኅብረቱ ውጪ ያለ ሱቅ በቀጥታ የሚልከው ዕቃ ደግሞ ከግለሰብ የተላከ ስላልሆነ የ45 ዩሮው ነፃነት አይመለከተውም፤ በስጦታ ወረቀት ቢጠቀለልም ያው ነው። ሽቶውን በተለይ ከካርቶን አውጪው። በስጦታ ነፃ የሚገባው ከ50 ግራም አይበልጥም፤ አልኮል ያለበት ሽቶ በቀላሉ ተቀጣጣይ ስለሆነም ብዙ የፖስታ ድርጅቶች በአየር አይቀበሉትም።

በእጅሽ የሠራሽውን ስትልኪ፣ በፖስታ ቤት በኩል ብታደርጊው ለትንሽ ጥቅል በአብዛኛው ይረክሳል። ዓለም አቀፉ የፖስታ ኅብረት ያዘጋጃቸው ሲ ኤን 22 እና ሲ ኤን 23 የሚባሉ ቅጾች አሉ፤ የመጀመሪያው ለአነስተኛ፣ ሁለተኛው በዋጋም በክብደትም ከፍ ላሉ ጥቅሎች ነው። «ስጦታ» የሚለው ሣጥን ላይ ምልክት ታደርጊያለሽ፤ ከሥሩ ግን እያንዳንዱን ዕቃ በስሙ ትጽፊያለሽ፦ በእጅ የተሠራ የጥጥ ሻርፕ፣ ብዛት 1፣ ክብደቱ ይህን ያህል፣ ዋጋው ይህን ያህል፣ በዚህ ምንዛሪ። የምትጽፊው በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛ ወይም ተቀባዩ አገር በሚቀበለው ቋንቋ ነው። በእጅ ለተሠራ ነገር ዋጋ መተመን እንደሚያስቸግርሽ አውቃለሁ፤ የክሩን ወይም የጨርቁን ዋጋና ተመሳሳዩ ሲሸጥ የሚያወጣውን ተመልክተሽ፣ ብትጠየቂ ልታስረጂው የምትችዪውን ልክ ጻፊ። ለአንቺ ያለውን ዋጋ አይደለም የሚጠይቁሽ። ስልክ ቁጥሯንም አትርሺ፤ ብዙ ጥቅል የሚዘገየው ለተቀባዩ የሚደወልበት ቁጥር በማጣት ነው።

ከ45 ዩሮ በላይ የሆነ ነገር መላክ የግድ ካልሽ ደግሞ፣ ቀረጡንና ታክሱን ላኪው እንዲከፍል የሚያደርግ አገልግሎት ያላቸው አጓጓዦች አሉ። ካርቶኑን ከማስረከብሽ በፊት «ቀረጡ በእኔ ሂሳብ ይሁን» ብለሽ ጠይቂ፤ ለዚህም የተለየ ክፍያ ሊኖር ስለሚችል መጠኑን አስቀድመሽ እወቂ፤ ሂሳቡም ከሳምንታት በኋላ ሊደርስሽ ስለሚችል ገንዘቡን ለይተሽ አስቀምጪ። ካርቶኑን ለሁለት ከፍሎ በአንድ ቀን መላክ ከወሰኑ የሚያድን የሚመስላቸው አሉ፤ ጉምሩክ አንድ ላይ ሊደምራቸው ስለሚችል አልመክርሽም። የአንድ ዕቃ ዋጋም በሁለት ሰው ስም ቢጻፍ ለሁለት አይከፋፈልም። ብርድ ልብሱን ለልጁ መወለድ፣ ሻርፑን ደግሞ ከወራት በኋላ ለእናቲቱ ልደት መላክ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሁለት ስጦታ፣ ሁለት ምክንያት፣ ሁለት ቀን።

በሌላ አገር ሌሎች ወዳጆች ካሉሽ ይህን ቁጥር ለሁሉም አትጠቀሚበት። ዩናይትድ ኪንግደም ለስጦታ የምትፈቅደው እስከ 39 ፓውንድ ነው፤ ከእሷ ወደ ኅብረቱ ወይም ከኅብረቱ ወደ እሷ ያለ ምንም ቅጽ ይላላኩ የነበሩ ሰዎች ከጥር 1 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. በኋላ የአንቺ ዓይነት ድንጋጤ ብዙ ደርሶባቸዋል። አሜሪካ ለአንድ ሰው በአንድ ቀን እስከ 100 ዶላር፣ ካናዳ እስከ 60 የካናዳ ዶላር ትፈቅዳለች፤ ካናዳ ደግሞ ከወሰኑ ሲያልፍ የምታስከፍለው በትርፉ ላይ ብቻ ነው። ቁጥሮቹ ስለሚለዋወጡ ከመላክሽ በፊት የተቀባዩን አገር የጉምሩክ ገጽ አንድ ጊዜ ማየት አምስት ደቂቃ አይወስድም።

የሚቀረው ሳትነግሪያት መላክ የሚለው ነገር ነው፤ ምናልባት የሚያሳዝንሽ ይህን መተው ይሆናል። እኔ ግን በዚህ ላይ ቆራጥ ነኝ፦ ድንበር የሚሻገር ስጦታ ይነገር። ሁሉንም አትንገሪያት፤ «አንዲት ትንሽ ነገር በፖስታ እየመጣችልሽ ነው፤ ክፍያ ሊጠይቁሽ አይገባም፤ ከጠየቁሽ ግን ከመክፈልሽ በፊት ደውዪልኝ» ማለት ይበቃል። ውስጡ ምን እንዳለ እስክትፈታው ድረስ አታውቅም። በዚያ ላይ በአሁኑ ጊዜ ከፖስታ ቤት የመጣ መስሎ ለጥቅል ክፍያ የሚጠይቅ የማጭበርበሪያ መልእክት ስለበዛ፣ ጥቅል መኖሩን የማታውቅ ሰው እውነተኛውን ጥያቄ ሐሰት መስሏት ልትተወው፣ ሐሰተኛውን ደግሞ እውነት መስሏት ልትከፍል ትችላለች።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት መልእክቱን ጻፊላት፤ መልስ ሳታገኚ አንድ ሳምንት ቢያልፍም አትደጋግሚባት። ልደቷ ከደረሰ በቀኑ ደውዪላት፤ ስለ 74 ዩሮው ምንም አታንሺ። ስለ ሕፃኑ ጠይቂያት፤ ብርድ ልብሱ በልኩ ሆኖ እንደሆነም ጠይቂያት፤ እስካሁን አልጠየቅሻትምና።